የዌምብሌይ ስታዲየም ኮንክሪት

በለንደን የሚገኘው ዌምብሌይ ስታዲየም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ሲከፈትም የአርማታ ሥራ ነበር። ገንቢው ድርጅት የተሰየመበት ሮበርት ማክአልፓይን «ኮንክሪት ቦብ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቅ ነበር። የዚያ ስታዲየም ዝነኞቹ ሁለት ነጫጭ ማማዎች በ2003 ፈረሱ፤ 90,000 መቀመጫ ያለው አዲሱ ስታዲየም በ2007 ተከፈተ።

ለአዲሱ ግንባታ 90,000 ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት ገብቷል። ይህ ሁሉ 6 ሜትር ኩብ በሚጭን ሚክሰር መኪና ቢመላለስ 15,000 ጉዞ ይፈልጋል፤ ያውም በለንደን የመንገድ መጨናነቅ! ትልቁ ፈተና ግን ብዛቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ሲሚንቶ ውሃ ካገኘ በኋላ መጠንከሩን ማንም አያስቆመውም። በብሪታንያ አሠራር በሚክሰር መኪና የሚጓዝ ኮንክሪት በተጫነ በ2 ሰዓት ውስጥ መራገፍ አለበት። መጠንከሩን የሚያዘገዩ ኬሚካሎች ቢኖሩም፣ ካሳፎርማውና ፌሮው ሳይዘጋጅ መኪና መጥራት ኪሳራ ነው። ሙሌቱ መሃል ላይ ከተቋረጠም አሮጌውና አዲሱ ኮንክሪት በሚገናኙበት ቦታ ደካማ መጋጠሚያ ይፈጠራል።

የጎብኚ ዓይን የሚያርፈው 133 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ቅስት ላይ ነው። ስታዲየሙ የቆመው ግን ማንም በማያያቸው 4,000 ያህል የመሠረት ፓይሎች ላይ ሲሆን፣ ጥልቁ 35 ሜትር ይወርዳል።

የኮንክሪት ጥራት ደግሞ የሚለካው በናሙና ነው። መኪናው እንደደረሰ የኮንክሪቱ ልስላሴ ይፈተሻል፤ ከዚያም በኪዩብ ቅርጽ የተሞላው ናሙና ብዙውን ጊዜ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ማሽን ይሰበራል።