ማር የገባበት አዋዜ

ሀዋሳ፣ ፒያሳ፣ ቅዳሜ ማታ። የሥጋ ቤቱ የከሰል ጭስ እስከ አስፋልቱ ይወጣል። ከጎናችን የተቀመጡት ልጆች ጥብስ አዘዙና አንዱ «ባርቤኪው ሶስ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አስተናጋጇ ሳታመነታ መለሰች፦ «አዋዜ አለ፣ ዳጣ አለ፣ ሚጥሚጣ አለ።» ልጁ «አይ፣ ጣፈጥ የሚል ነገር ነበር የፈለግኩት» አለና ተወው።

ነገሩ ከነከነኝ። ይህን ያህል ሥጋ ወዳድ ሆነን፣ ከአፍሪካ አንደኛ የማር አምራች ሆነን፣ እንዴት ጣፈጥ ያለ የሥጋ ማባያ አይኖረንም?

ወደ ኋላ እንሂድ። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እዚህ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያየውን ጽፏል። አንጎት ውስጥ በተጋበዙበት ግብር ጥሬ ሥጋ ቀረበላቸው፤ ማባያው ደግሞ የከብት ሐሞት የገባበት ነበር። እንግዶቹ መብላት አቃታቸው። የማር ጠጅ ግን በገፍ ነበር። ልብ በሉ፣ ማሩም ሥጋውም አንድ ግብር ላይ ናቸው። የጎደለው ቀዩ በርበሬ ነው።

ቀዩ በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከዚያ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በፖርቱጋሎች መርከብና በንግድ መስመሮች ዓለምን አዳረሰ፣ እኛም ጋ ደረሰ። ከዚያ በፊት ምግባችንን የሚያቃጥለው ዝንጅብል፣ ጥምዝ፣ ሰናፍጭና ከውጭ የሚመጣው ቁንዶ በርበሬ ነበር። አልቫሬዝ አብሯቸው የመጣው የመልእክተኞች ቡድን እንኳ ለአጼ ልብነ ድንግል ካቀረበው ስጦታ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ይገኝበታል።

እንግዳው በርበሬ ቤት ሲለምድ ከአገሬው ኮረሪማ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተወቀጠ። ለሥጋ ሲቀርብ ደግሞ በጠጅ ተበጠበጠ። ይኼ ነው አዋዜ። ጠጁ ማር ነው፤ ጣፋጭነቱ የበርበሬውን ቃጠሎ ያለዝባል፣ ኮምጠጥ ማለቱ ደግሞ የሥጋውን ስብ ይቆርጣል። የአሜሪካኖቹ የካንሳስ ሲቲ ሶስም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፦ ቲማቲም፣ ኮምጣጤና ከሸንኮራ የሚገኝ ወፍራም ጥቁር ሽሮፕ። ቲማቲሙም በርበሬውም ከአንድ አህጉር የወጡ ናቸው። ልጁ የጠየቀው ሶስ የአዋዜ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ማሩ የት ሄደ? በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ውሎ አድሮ ስኳር ጠጁ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ማር ተወደደ፣ ጠጅ በየቤቱ መጣሉ ቀረ፣ ገበታውን ቢራ ያዘው። ዛሬ በብዙ ሥጋ ቤት አዋዜው የሚበጠበጠው በዘይት፣ በውሃ ወይም በአረቄ ነው። ስሙ ቀረ፣ ማሩ ወጣ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «አዋዜ ውስጥ ጠጅ ትጨምሪ ነበር?»

«ታዲያ በምን ልበጥብጠው ኖሯል? ጠጅ ካለ በጠጅ፣ ከሌለ በብርዝ።»

«መጠኑስ?»

«መጠን ምን ያደርግልሻል፤ እጅሽ ይነግርሻል።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእኔ እጅ ምንም አይነግረኝም። የእሷ እጅ የሚያውቀው የትም አልተጻፈም፣ በስልክም አይተላለፍም። ስለዚህ ለሦስት ቅዳሜ ሞከርኩ፣ አንዱን ድስት አሳረርኩ፣ በመጨረሻ የተስማማኝ ይኸው፦ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ጠጅ ወይም ብርዝ፣ ሁለት ፍንጭል የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ቁንጥር ኮረሪማ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት። በዝግታ እሳት አምስት ደቂቃ ያህል እያማሰሉ ማብሰል፤ ካወረዱት በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ማር ቶሎ ያራል፣ ስለዚህ ሥጋው ላይ የሚቀባውም ከእሳት ሊወጣ ሲል ነው። እኔ ድስቱን ያሳረርኩት ይህን ባለማወቅ ነው።

ሀዋሳ ለዚህ ወሬ ጥሩ ቦታ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ጣልያን ከወጣ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ። ሆኖም መሀል ከተማው ላይ «ፒያሳ» የሚል የጣልያን ቃል ተቀምጧል፤ ማንም ባዕድ ነው ብሎ አይቆጥረውም። የገበታውም ነገር እንደዚሁ ነው። አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ ስትበሉ አብሮ የሚቀርበው ዳጣ ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ይፈጫል፤ ወላይታው «የእኛ ነው» ይላል፣ ሲዳማውም በእናቱ እጅ ይምላል። ቃሪያውም ግን ከዚያው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የእኛ ያደረገው የእናቶች እጅ ነው።

እና ልጁን ባገኘው አልቆጣውም። ባርቤኪው ሶስ መፈለግ ነውር የለውም። የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚቀጥለው በዓል እናትህ ወይ አክስትህ በርበሬ ስታዘጋጅ አጠገቧ ቁም። ማንኪያ ይዘህ እጇን እየተከተልክ ለካ፣ ጻፈው። እሷ ትስቅብሃለች። ይሳቅብህ።

ባለፈው ቅዳሜ የእኔን አዋዜ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ ፒያሳ ሄድኩ። አስተናጋጇ በጥብሱ አጥቅሳ ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያ፦ «አያቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው» አለችኝ።