ከዋቸሞ ዳገት እስከ ሀምበርቾ ደረጃ

ሽማግሌዎቻችን ዋቸሞ የሚሏት ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ዳገቷ አይጣል ነው። ከአንጋጫና ከዶዮገና በኩል እህልና ቅቤ ተሸክሞ በእግሩ ገበያ ሲመላለስ የኖረ ሰው ስፖርተኛ ነህ ቢሉት ይስቃል። ረጅም መንገድ የሚሄደውም ብቻውን አልነበረም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ሌሊት ይነሣል፣ ፈጣኑ ደካማውን እየጠበቀ ይሄዳል። የአገራችን የጎዳና ሩጫ ታሪክ ከዚህ ጉዞ ይጀምራል ባይ ነኝ።

ውድድር የሚባለውን በትምህርት ቤት በኩል አወቅነው። ከተማችን የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት በደርግ ዘመን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። ቁጥሩን በካርቶን ላይ እንጽፍና በመርፌ ቁልፍ ደረታቸው ላይ እናያይዘዋለን፤ መነሻውን በኖራ እናሰምራለን። ጫማ ያለው ልጅ ጥቂት ነው። የሌለው ደግሞ አያፍርም፤ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁሉም ያውቃል። ሦስተኛው ልጅ ሲገባ ዳኞቹ መዝገባቸውን አጥፈው ይነሣሉ። በመንገዱ ዳር የቆሙት እናቶች ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። መጨረሻ የሚመጣው ልጅ እያነከሰ ብቅ ሲል እልልታው ከአንደኛው ይበልጣል።

በኅዳር 1994 አዲስ አበባ ላይ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተጀመረ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሐሳቡን ያገኘው በእንግሊዝ ከ1973 ጀምሮ ከሚካሄደው ከታላቁ የሰሜን ሩጫ ነው። 10,000 ሰው የተሳተፈበትን የመጀመሪያውን የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ኃይሌ ራሱ አሸነፈ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን ሰዓት ቆጥሮ አልመጣም፤ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ጓደኛውን እየጎተተ ነው የገባው። እናቶቻችን በመንገድ ዳር ያደረጉትን አዲስ አበባ በአደባባይ አደረገችው ማለት ነው።

ወሬው ወደ እኛ የደረሰው በቲሸርት ነው። ለመሮጥ የተመዘገበ ሰው የሚያገኘው ቲሸርት እንደ መግቢያ ትኬት ይቆጠራል። ታዲያ ለሥራ አዲስ አበባ የከረመው ልጅ በመስከረም፣ ሐዲያው ለያሆዴ፣ ከምባታው ለመሳላ በዓል ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ያለፈውን ኅዳር ቲሸርት ይዞ ይመጣል። አንዱን ለወንድሙ፣ አንዱን ለአባቱ ይሰጣል። አባትዬው ማሳ ሲቆፍርበት፣ እናት እንሰት ስትፍቅበት፣ የስፖንሰሩ ስም ከጀርባው እስኪለቅ ይለበሳል። ሩጫ ያላየ ቤተሰብ የሩጫውን ልብስ ለዓመታት ለብሷል።

በኅዳር 2011 አዲስ አበባ ከመኪና ነፃ ቀን ስትጀምር በተዘጋው ጎዳና ላይ ሕዝቡ በጋራ የሚሠራው ማስ ስፖርት ወደ ክልል ከተሞችም ተዛመተ። ሆሳዕና በ2015 የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ እሑድ ጠዋት የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተማሪውና ጡረተኛው አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በከምባታ በኩል ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሀምበርቾ ተራራ አለ፤ የከምባታ አባቶች መነሻችን የሚሉት ነው። ዛሬ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ጎረምሳው ሳያርፍ ለመጨረስ ይወራረዳል፤ ሌላው በየመሐሉ ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ወደ ታች የእንሰቱን ማሳ እያየ ይወጣል።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። በአገራችን ሩጫ የሚያዘጋጅ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ እዚህ ሰው ወደ መንገድ የሚወጣው ከሰው ጋር ለመሆን ነው። ሜዳሊያው ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ውሃውና ጭብጨባው ግን መጨረሻ ለሚገባውም መትረፍ አለበት።