የኦፒየም ጦርነት፦ መርዝ ሻጩ ካሳ የተቀበለበት ታሪክ

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን መርዝ ሻጩ ተበዳይ ነኝ ብሎ የተዋጋበትን ጦርነት እናነሳለን።

እንግሊዞች የቻይናን ሻይ ቅጠል አብዝተው ይገዙ ነበር። ቻይናዎች ግን ከእንግሊዝ ሸቀጥ የሚፈልጉት ጥቂት ስለነበር ክፍያው በብር ማዕድን ሆነ። ይህ ያሳሰበው የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መላ ዘየደ። በህንድ ኦፒየም የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ እያስመረተ በካልካታ ከተማ በጨረታ ይሸጣል፤ ነጋዴዎች ደግሞ በድብቅ ቻይና ያስገቡታል። ኩባንያው እጄ የለበትም ለማለት እንዲመቸው በራሱ መርከብ አይጭንም ነበር።

ቻይና ኦፒየም ለማጨስ እንዳይሸጥ የከለከለችው በ1729 (እ.ኤ.አ) ነበር። ሆኖም በ1830ዎቹ መጨረሻ በዓመት የሚገባው ከ30,000 ሳጥን በላይ ደረሰ። ብዙ ቤተሰብ በሱስ ፈረሰ፤ ብሩም ከቻይና ይወጣ ጀመር።

በ1839 ንጉሠ ነገሥቱ ሊን ዘሹ የተባለ ባለሥልጣን ወደ ካንቶን ላኩ። እርሱም ከ20,000 ሳጥን በላይ ኦፒየም ተረክቦ፣ ጉድጓድ አስቆፍሮ በጨውና በኖራ እያሟሟ ባሕር ውስጥ ጨመረው። ለንግሥት ቪክቶሪያም ይህ መርዝ በእርስዎ ሕዝብ ላይ ቢሸጥ ይወዳሉ ወይ የሚል መልእክት ያለው ደብዳቤ ጻፈ። ምላሹ የጦር መርከብ ሆነ። በ1840 በለንደን ፓርላማ ጦርነቱን የተቃወመው ሐሳብ በ9 ድምፅ ብቻ ተሸነፈ።

በ1842 በተፈረመው የናንኪንግ ውል ቻይና 21 ሚሊዮን የብር ዶላር እንድትከፍል ተገደደች። ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ ለተወገደው ኦፒየም ካሳ ነበር! ሆንግ ኮንግንም አጣች፤ የተመለሰችላት በ1997 ነው። ሊን ዘሹም ጥፋተኛ ተብሎ ሙስሊሞች ወደሚኖሩበት ምዕራባዊ ግዛት፣ ዛሬ ሺንጂያንግ ወደሚባለው፣ ተጋዘ። በዚያም ቦይ እያስቆፈረ የገበሬውን መሬት ያስለማ ነበር።

ውድ አድማጮች! ዲናችን በአስካሪ ነገር ጉዳይ ተጠያቂ ያደረገው ጠጪውን ብቻ አይደለም፤ ሻጩን፣ ተሸካሚውንና ዋጋውን የሚበላውንም ጭምር ነው። በዚህ ሚዛን «እኔ አልጫንኩም» የሚለው የኩባንያው ሰበብ አያድንም። እኛም ወደ ቤታችን የምናስገባው ገንዘብ ከምን እንደመጣ እንጠይቅ። አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፤ ልጆቻችንንም ከሱስ ይጠብቅልን።