ለገጠር መንገድ የሚሆን ጠፍጣፋ የፒክአፕ ካሶኒ እንዴት ይሠራል?

ሮቢት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቐለ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የምትገኝ የራያ ቆቦ ወረዳ ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ወደ ምሥራቅ እስከ ዞብል ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው ሜዳ በበጋ አሸዋና አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይጠብቃል። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ከተራራ የሚያወርዱት ደለል መሻገሪያዎችን ይለዋውጣል። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በዝናብ የሚበቅለው ማሽላና ጤፍ ገበያ የሚደርሰው ይህን መንገድ አልፎ ነው።

በዚህ ምክንያት በአራቱም ጎማ የሚነዱ እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ያሉ ፒክአፖች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ተፈላጊ ናቸው። ባሌስትራቸውን አስጨምረው፣ ትልቅ ጎማ አስገጥመው፣ የፋብሪካውን ካሶኒ በጠፍጣፋ ካሶኒ የሚያስቀይሩ ባለንብረቶችም አሉ። ጠፍጣፋ ካሶኒ የጎማ ጉብታ ስለሌለው ጆንያና ሣጥን በደንብ ይደረደርበታል፤ ስፖንዳው ሲወርድም በሦስት ጎን ይጫናል። ይሁን እንጂ ያለ ስሌት የተሠራ ካሶኒ ሻንሲ ይሰብራል፣ መኪና ይገለብጣል፣ ሕይወትም ያጠፋል።

ክብደት

መጀመሪያ የሚጠየቀው ካሶኒው ራሱ ስንት ይመዝናል የሚለው ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር ከ23 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ስፋቱ 1.8 ሜትር የሆነ ወለል በዚህ ላሜራ ቢሠራ ወለሉ ብቻ 102 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ቢሠራ ግን ወደ 68 ይወርዳል። የፋብሪካው ካሶኒ 130 ኪሎ ግራም ነበር፣ አዲሱ ከነስፖንዳው 280 ሆነ እንበል። መኪናው ከተፈቀደለት ጭነት ላይ አንድ ኩንታል ተኩል ተቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ወፍራም ብረት ሁሉ ጠንካራ ካሶኒ አይደለም፤ ከሥሩ በተቀራረቡ አግዳሚ ቱቦላሬዎች የተደገፈ ቀጭን ላሜራ በአነስተኛ ክብደት በቂ ጥንካሬ ይሰጣል።

ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን የመሸከም መብት አይጨምርም። መኪናው ሲጫን ጀርባው እንዳይወርድ ያደርጋል እንጂ ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው የቀድሞዎቹ ናቸው።

የጭነቱ ቦታ

በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 3 ሜትር ርቀት ያለው መኪና 600 ኪሎ ግራም ጫነ እንበል። የጭነቱ መሐል ከኋላው አክስል 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢሆን፣ 60 ኪሎው በፊት ጎማዎች፣ 540ው በኋላዎቹ ላይ ያርፋል። 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን ግን የኋላው 660 ኪሎ ይሸከማል፤ የፊቱም 60 ኪሎ ይቀልለዋል። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው አይታዘዝም፣ በጭቃም ላይ ይንሸራተታል። ካሶኒውን ወደ ኋላ ማስረዘም የሚያጓጓ ቢመስልም ጉዳቱ ይህ ነው። ከዚህም በላይ ወደ ወንዝ ሲወረድና ዳገቱ ሲወጣ የረዘመ ጅራት መሬት ይመታል።

ከሻንሲ ጋር ማያያዝ

አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሻንሲው በመጠኑ ይጠማዘዛል። ካሶኒው በብየዳ ከተጣበቀበት መጠማዘዙ ይከለከልና ኃይሉ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ ብዙውን ጊዜ ስንጥቁ ከጋቢናው ጀርባ ይጀምራል። ስለዚህ ካሶኒው በፋብሪካው ማሰሪያ ቦታዎች ላይ፣ በመካከሉ ጎማ ገብቶ በቡሎን መታሰር አለበት። የሻንሲው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ አይበየድም፣ አይበሳም። በጋቢናውና በካሶኒው መካከልም እንዳይጋጩ ክፍተት ይተዋል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ በሰልባትዮው አቅራቢያም እሳት አይነካም።

የካሶኒው ከፍታ የሚለካው ጎማው ወደ ላይ ሲነሳ ወለሉን እንዳይነካ ታስቦ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ማድረግ ግን የጭነቱን ክብደት ስለሚያንር በጎን ተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋን ያሰፋል።

ለምርቱ ጥንቃቄ

በቆላው ፀሐይ የጋለ ላሜራ ቲማቲምን ያበላሻል፤ በላዩ ጣውላ ማንጠፍና ነጭ ሸራ ማልበስ ይረዳል። በየጎኑ ከካሶኒው አጽም ጋር የተያያዙ የገመድ ማሰሪያዎች ሊኖሩ ይገባል። 200 ሊትር ውኃ የያዘ በርሜል ብቻውን ከሁለት ኩንታል በላይ ስለሆነ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይታሰራል፤ በጎደለ በርሜል ውስጥ የሚንቦጫረቅ ውኃ መኪናውን እንደሚያወዛውዝም አይዘነጋ። የጋቢናውን መስታወት ከሚንሸራተት ጭነት የሚከላከል ፍርግርግም ያስፈልጋል። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ግን በምንም ዓይነት ካሶኒ አስተማማኝ አይሆንም።

ሕጋዊ ጉዳይ

ሕጉ ተሽከርካሪዎች እንዲመዘገቡና በየጊዜው እንዲመረመሩ ያዛል። በመሆኑም ባለንብረቱ ብረት ከመግዛቱ አስቀድሞ መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቢያማክር ይመከራል። የሻንሲ ቁጥሩ እንዳይሸፈን፣ የኋላ መብራት፣ ሰሌዳና አንጸባራቂ በግልጽ እንዲታዩ ማድረግም የግድ ነው።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ባዶውን፣ ቀጥሎም በግማሽ ጭነት በአቅራቢያ መንገድ መሞከር፣ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላም ቡሎኖቹን ሁሉ ዳግም ማጥበቅ ተገቢ ነው። የላላ ቡሎን ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቢገኝ በመፍቻ ይጠብቃል፤ ወንዝ መሐል ቢፈታ ግን ምርቱንም መኪናውንም ለጎርፍ ያስረክባል።