ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፦ የበረራ ርቀት፣ የጉዞ ጊዜና የሰዓት ልዩነት

በአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርትና በዋሽንግተን ደላስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቢሆንም የጉዞው ጊዜ ግን ይለያያል።

የሄዶ መልስ ጉዞው ጊዜ ለምን ይለያያል?

የቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ሲነሣ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። በመሆኑም ወደ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ በአመዛኙ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል። በተጨማሪም በሰሜኑ የአየር ክልል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የሄዶውን ጉዞ ያዘገያል፤ መልሱን ያፋጥናል። ስለዚህ ሄዶው ከነማረፊያው 16 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲወስድ፣ ያለማረፊያ የሚደረገው የመልስ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

የሰዓት ልዩነት

በትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የየከተማው የአካባቢ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ከማርች ወር ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር ወር የመጀመሪያው እሑድ ባለው ጊዜ ግን ልዩነቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ለምሳሌ በጃንዋሪ ወር ከዋሽንግተን ከጠዋቱ 11:00 በአሜሪካ አቆጣጠር የተነሣ አውሮፕላን ከ13 ሰዓት በረራ በኋላ አዲስ አበባ የሚደርሰው በማግሥቱ 08:00፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ነው። እንግዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ይህንኑ የመድረሻ ቀን እንዲይዙ ያስፈልጋል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ትኬት የሚዘጋጀው በጎርጎርዮሳዊው ቀንና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በትኬቱ ላይ «ማክሰኞ 00:30» የሚል ከተጻፈ፣ በተለምዶ «ሰኞ ሌሊት 6:30» የምንለው ነው። ከበረራው 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ለመገኘት ተሳፋሪው ሰኞ ከምሽቱ 3:30 ኤርፖርት መድረስ ይኖርበታል። ማክሰኞ ማታ የሚመጣ ተሳፋሪ በረራው ካለፈ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ይችላል።

ስለሆነም ተሳፋሪዎች፦

• የትኬቱን ቀንና ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጠው ለብቻው እንዲጽፉ፤
• የሚቀጥል በረራ ወይም ቀጠሮ ያላቸው ከሆነ ለኢሚግሬሽን ፍተሻና ለሻንጣ ርክክብ በቂ ጊዜ እንዲተዉ፤
• በየጊዜው የሚወሰድ መድኃኒት ያላቸው ከእጅ ሻንጣቸው ጋር እንዲይዙትና የመውሰጃ ሰዓቱን አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር እንዲመክሩበት፤
• የበረራ ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል ከጉዞው በፊት ከአየር መንገዱ እንዲያረጋግጡ

እናሳስባለን።