ሐራጅና ግልጽነት፤ ከመዶሻው እስከ ኢንተርኔት

እንደሚታወቀው በሐራጅ የሚሸጥ ዕቃ አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ የለውም፤ ዋጋውን የሚወስነው የተጫራቾች ፉክክር ነው። ለዕለት ፍጆታ የሚውል ዕቃ ሲሆን ገዢው ሌላ ሱቅ ጠይቆ ሊያመዛዝን ይችላል። የቆየ ቴምብር፣ የጥንት ሳንቲም ወይም ሥዕል ለሚሰበስብ ሰው ግን ዋነኛው መመዘኛ የሌሎች ሰብሳቢዎች ፍላጎት ነው። ስለሆነም ከተጫራቾች መካከል አንድ ሐሰተኛ ድምፅ ከገባ ዋጋው ራሱ ሐሰተኛ ይሆናል።

ይህ ሥጋት የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1776 ለንደን ውስጥ አንድ የፈረስ ባለቤት፣ ፈረሱ ከ15 ፓውንድ በታች እንዳይሸጥ አዝዞ ሳለ በዝቅተኛ ዋጋ ተሸጠብኝ ሲል አጫራቹን ጄምስ ክሪስቲን ከሰሰ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ግን፣ ባለቤቱ በስውር በሌላ ሰው አፍ በገዛ ዕቃው ላይ ዋጋ ማስጠራቱ ተጫራቾችን ማታለል መሆኑን አመልክተው ለአጫራቹ ፈረዱ። በ1893 የወጣው የእንግሊዝ የዕቃ ሽያጭ ሕግም ሻጩ የመጫረት መብቱን አስቀድሞ ካላስታወቀ በዕቃው ላይ እንዳይጫረት ደነገገ። እንግዲህ ሕጉ የከለከለው መጫረትን ሳይሆን መደበቅን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በሴፕቴምበር 1995 ፒየር ኦሚድያር በካሊፎርኒያ ኋላ ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ሐራጅ ሲያቋቁም፣ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የማይተያዩበት ገበያ ተፈጠረ። በ1996 መጀመሪያ ላይም ተገበያዮች አንዱ ስለ ሌላው በይፋ የሚመሰክሩበት መዝገብ ተከፈተ። ይሁን እንጂ መስካሪውም ተመስካሪውም በብዕር ስም የሚጠሩ ስለ ነበሩ አንድ ሰው ብዙ ስም ከመያዝ የሚያግደው አልነበረም።

የዚህም ውጤት በ2000 ታየ። በ25 ሳንቲም የተጀመረ አንድ ሥዕል የአሜሪካዊው ሠዓሊ የሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ መስሎ 135,805 ዶላር ደረሰ። ሻጩ በሌላ ስም በገዛ ሥዕሉ ላይ መጫረቱ በመረጋገጡ ግን ኩባንያው ሽያጩን ሰረዘ። በ2001 ሻጩና አንድ ተባባሪው በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ። ሰዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ከጥንቱ የተለየ አልነበረም፤ የተለየው ማስረጃው ነው። በአዳራሽ ውስጥ የራስ ንቅናቄ አሻራ አይተውም፤ በኢንተርኔት ግን እያንዳንዱ ዋጋ ከነሰዓቱ ይመዘገባል።

ሆኖም ግልጽነትም የራሱ ጉዳት አለው። የተጫራቾች ስም በግልጽ ይታይ በነበረበት ጊዜ አጭበርባሪዎች ለተሸናፊው ተጫራች ሻጩን መስለው እየጻፉ ገንዘቡን ይወስዱ ነበር። ኩባንያውም ይህን ለመከላከል ስሞቹን ከሕዝብ ዓይን ሸፈነ። በዚህም ሌባው ሲታገድ፣ ሐሰተኛውን ተጫራች ይከታተል የነበረው ንቁ ሰብሳቢም አብሮ ታወረ። በ2008 ደግሞ ሻጮች በገዢዎች ላይ አሉታዊ ምስክርነት እንዳይሰጡ ተከለከለ፤ ምክንያቱም ብዙ ገዢዎች የአጸፋ በቀልን በመፍራት እውነቱን ከመናገር ይቆጠቡ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንገነዘበው፣ ማጭበርበርን የሚገታው ሁሉ ነገር ለሁሉም መገለጡ ሳይሆን፣ ማን ምን ያህል እንደ ጠራ የሚያሳየው መዝገብ ጥቅም በሌለው ሦስተኛ ወገን ሊመረመር መቻሉ ነው። ስም ከሕዝብ ሊሰወር ይችላል፤ ከመርማሪ ግን ሊሰወር አይገባም። መዝገብ መያዝና መመርመር ሥራችን ለሆነው ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ነገር ግን ገበያው ከአዳራሽ በወጣበት በዚህ ዘመን ደግመን ልናስበው የሚገባ ነው።