የዝዋይ ደሴቶችና የዛይ ሕዝብ

ደሴት ሲባል አሳብዎ ወደ ሩቅ ውቅያኖስ ቢሄድ አያስደንቅም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አምስት ደሴቶች መኖራቸውን ያስታውሱ። እነርሱም ቱሉ ጉዶ፥ ጸደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፥ ስሙ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፤ ካህናቱ ግን ደብረ ጽዮን ይሉታል።

ይህ ስም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። አበው እንደሚተርኩት፥ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከትግራይ ሸሽተው በዚህ 70 ዓመት ያህል ሸሽገዋታል። ትውፊቱ የተከበረ ነው፤ የዛዮች ቋንቋ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። ምንም እንኳ ሴማዊ ቢሆን፥ የቅርብ ዘመዶቹ ሐረሪኛና ስልጥኛ እንጂ ትግርኛ አይደለም። ስለዚህ ሕዝቡ የአንድ ሳይሆን የብዙ ስደት ልጅ ይመስላል፤ በተለይም ከ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኵሬ ጦርነት በኋላ ብዙ ክርስቲያን መሸሸጊያ ይፈልግ እንደ ነበር አይዘንጉ።

ሐይቁ በጣም ጥልቅ ነው የሚባለው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ያህል ነው፤ ቢሆንም ታንኳ ለሌለው ጠላት ይህ ከበቂ በላይ አጥር ነበር። ዛዮችም ተራራውን በእርከን አርሰው፥ ቆሮሶ አሥግረው ኖሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገሩ ከመንግሥቱ ጋር ከተጠቃለለ በኋላ ግን መሸሸጉ ስላላስፈለገ፥ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ወጣ፤ ዛሬ አብዛኛው በሐይቁ ዙሪያ ሲኖር፥ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል።

በደብረ ጽዮን የግእዝ የብራና መጻሕፍት በጥንቃቄ ተጠብቀዋል። የቤቱ ቋንቋ ዛይኛ ግን ሲነገር እንጂ ሲጻፍ ስላልኖረ፥ መዝገቡ የሽማግሌዎች አፍ ነው።